ኔልስፕሪት ላይ የወረወርኩት ቩቩዜላ

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሪት ላይ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት ሜዳ ውስጥ ቩቩዜላ (የፕላስቲክ ጡሩምባ) ከወረወሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ እኔ ነኝ።

ለዓመታት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ወሬው በተነሳ ቁጥር "አንዳንድ ሥርዓት የጎደላቸው" እያልኩ ከወቃሾቹ ጋር ስወቅስ ኖሬያለሁ። አሁን የምጽፈው በስደት ላይ ሆናችሁ ብሔራዊ ቡድናችን ሊጫወት ሲመጣ ትኬት ለምትቆርጡ ነው። በተለይ ደማችሁ ቶሎ ለሚፈላው።

ያኔ ጆሀንስበርግ ከገባሁ ሦስት ዓመት አልሞላኝም። ሎኬሽን (ከከተማ ዳር ያለ የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ በአንድ ዘመዴ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦ፣ ሲጋራና የስልክ ካርድ ማቀበል ነው። ስምህን የሚጠራ የለም። ለሁሉም "ማይ ፍሬንድ" ነህ። ዘራፊ ሲመጣም "ማይ ፍሬንድ" ብሎ ነው የሚጀምረው።

እንዲህ እያለሁ ዋልያዎቹ መጡ። ከ31 ዓመት በኋላ! ከዚያ በፊት የተሳተፍንበት የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ላይ የተደረገው ነው፤ እኔ አልተወለድኩም። ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ከረታን በኋላ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላሃዲን ሰኢድ አግብተው 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ጎሎች ስናልፍ፣ ሱቁን ዘግቼ ነው ያየሁት። ዘመዴ የዚያን ቀን ደመወዝ ቆረጠብኝ። ይቁረጥ።

ከጄፒ፣ ከጆሀንስበርጉ የኢትዮጵያውያን ገበያ ሰፈር፣ ኔልስፕሪት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አውቶቡስ ተከራይተን በጠዋት ወጣን። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው፤ መንገዱን ሁሉ የነበረው ጭፈራ ገና የጥምቀት ነበር። አብሮን ጄፒ ላይ ልብስ የሚሸጥ፣ በዕድሜ የሚበልጠን ሰው አለ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። እሱ ብቻ ነው በመስኮት እያየ ዝም ያለው። በኋላ ስታዲየም ውስጥ መዝሙራችን ሲዘመር እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ምቦምቤላ የሚያምር ስታዲየም ነው። ወንበሮቹ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ናቸው፤ ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቀጭኔ ይመስላሉ። ሣሩ ግን ያሳዝን ነበር። አሸዋ ላይ የተነጠፈ አሮጌ ምንጣፍ በሉት። አጠገቤ ያለው ልጅ "የእኛ ሰፈር ሜዳ ይሻላል" ብሎ አሳቀን።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ተጋጣሚያችን ዛምቢያ የአምናው ሻምፒዮን ነው። ማንም አልጠበቀንም፤ እኛ ግን ኳሱን ይዘን ተጫወትን። ፍፁም ቅጣት ምት አገኘን። ሳላሃዲን መታው፣ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። የስታዲየሙ ግማሽ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ዳኛው ላይ የወረወርነው ንዴት የጀመረው ከዳኛው አልነበረም። ከፍፁም ቅጣት ምቱ ነው። የራሳችንን ልጅ መስደብ ስላልፈለግን ንዴቱን ይዘን ቆየን፤ የሚያርፍበት ሰው እስኪመጣ።

መጣ። ከ30ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። እኛ የተቀመጥነው ከማዶኛው ጎል በኩል ነው። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በረኛችን ጀማል ጣሰው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሰው ከቦታል። ቃሬዛ ሲገባ አየሁ። ከዚያ ደግሞ ቀይ ካርድ! ለማን? ለወደቀው ለእኛ ልጅ። "ተመትቶ የወደቀን ሰው ያባርራል እንዴ?" ብሎ አንዱ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አንድ ጠርሙስ በራሳችን ላይ አለፈ። ሌላ ተከተለ። እጄ ላይ ያለው በር ላይ የገዛሁት አረንጓዴ ቩቩዜላ ነበር።

ቩቩዜላ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እየተሽከረከረ ይሄዳል። የኔ የት እንዳረፈ አላየሁም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። ሰው መትቶ ይሁን፣ ሣር ላይ ይቅር፣ አላውቅም።

ጋሼ ክንዴን ያዘኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "አንተ ልጅ፣ ጥምቀት እኮ ከትናንት ወዲያ አለፈ። ሎሚ መሰለህ?"

ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ። የደህንነት ሰደርያ የለበሰች ቀጭን ልጅ የተወረወረውን እንደ ማገዶ ታቅፋ ትለቅማለች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ወደ እኛ አየች። እንደኔው የቀን ሠራተኛ ናት። ፍርግርግ እንኳ የላትም።

ተጠባባቂው በረኛ ዘሪሁን ታደለ ገባ። እስቲ በእሱ ቦታ ቁሙ። በአፍሪካ ዋንጫ፣ ሳታስበው፣ በ10 ሰው በቀረ ቡድን ውስጥ ትገባለህ፤ ሜዳው ላይ ደግሞ የገዛ ወገንህ የወረወረው ጠርሙስ እየተለቀመ ነው። ከእረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። ጎሉ በእኛ ምክንያት ገባ አልልም፤ ማን ያውቃል? ብቻ አልረዳናቸውም። የረዱን እነሱ ናቸው። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ 10 ሆነው ከሻምፒዮኑ ጋር 1 ለ 1 ወጡ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈን ነበር። እኔም ዘፈንኩ፤ ግን ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን የጨዋታውን ቅንጭብ አሳዩ። ጀማል ከሳጥኑ ወጥቶ ይሮጣል። የዛምቢያው ቺሳምባ ሉንጉ ወደ ኳሱ ይመጣል። የጀማል እግር ወደ ላይ ተነስቶ ሰውየው ላይ ያርፋል። በቃ። ዳቦ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ፍርግርጉን እያንኳኳች "ማይ ፍሬንድ!" ትለኛለች፤ እኔ አልሰማኋትም። ቀይ ነው። ዓይኔን ብሸፍን እንኳ ቀይ ነው። ጀማልን አልወቅስም፤ ቡድኑን ሊያድን ነው የወጣው። የሚወቀሰው መሃል ሜዳን ተሻግሮ ያላየውን ነገር እንዳየ ሆኖ የፈረደው ነው።

የመጀመሪያው ምክሬ እዚህ ላይ ነው። ስታዲየም ውስጥ የምታዩት ድርጊቱን ሳይሆን ከድርጊቱ በኋላ ያለውን ነው። ዓይናችሁ ኳስ ይከተላል፤ ግጭቱ ሲደርስ ዘግይታችኋል። ማን ወደቀ፣ ማን ጮኸ፣ ማን እጁን አነሳ፣ ያንን ብቻ ነው የምታገኙት። የወደቀ ሁሉ ደግሞ ተበዳይ አይደለም።

ሕጉንም ያኔ ነው የተማርኩት። ቀይ ካርድ የሚያሰጡ ሁለት ነገሮችን ደጋፊ ያደባልቃል። አንዱ ግልጽ የማግባት ዕድል ማጨናገፍ ነው። ዳኛው ለዚህ አራት ነገር ያያል፦ ከጎሉ ያለው ርቀት፣ ጨዋታው ወደ የት እየሄደ እንደነበር፣ አጥቂው ኳሱን የመቆጣጠር ዕድሉ፣ የተከላካዮቹ ብዛትና ቦታ። ሌላው የተጋጣሚን አካል ለአደጋ የሚያጋልጥ አጨዋወት ነው። ለዚህኛው ጎሉ ሩቅ ይሁን ቅርብ ለውጥ የለውም። "ኳሱን ሊመታ ነው እኮ የሄደው" የሚለው የሰፈር ክርክር እዚህ አይሠራም። ይህን ሁለት አንቀጽ አስቀድሜ አንብቤ ቢሆን ምናልባት ቩቩዜላዬን እነፋ ነበር።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በዚያ ቀን ለሆነው ነገር ፌዴሬሽናችንን በገንዘብ ቀጣ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፦ ደጋፊ ሲያጠፋ የሚቀጣው ፌዴሬሽኑ ነው። አንተ ትወረውራለህ፣ አገርህ ትከፍላለች። "እኛ አላዘዝናቸውም" የሚል መከላከያ አይሰማም። ይህ ደግሞ ቀላሉ ነው። ዳኛው ጨዋታውን ጨርሶ ቢያቋርጠው በፎርፌ መሸነፍም አለ።

ዴንማርኮችን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2007 ኮፐንሃገን ላይ ከስዊድን ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወቱ 3 ለ 0 ተመርተው 3 ለ 3 አደረጉት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወት አንዴ ነው የሚታየው። ሊያልቅ ሲል የእነሱው ክርስቲያን ፖልሰን የስዊድኑን አጥቂ ሆዱ ላይ በቡጢ መታው። ዳኛው ቀይ ካርድና ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። አንድ ደጋፊ ሜዳ ገብቶ ዳኛውን ሊመታ ሮጠ። ጨዋታው እዚያው ተቋረጠ፤ ውጤቱም 3 ለ 0 ለስዊድን ሆነ። ልብ በሉ፣ ፍፁም ቅጣት ምቱ እንኳ አልተመታም ነበር። በረኛቸው ሊያድነው ይችል ነበር። ያ ደጋፊ ደግሞ ስዊድን ውስጥ የሚኖር ዴንማርካዊ ነው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። በሰው አገር እየኖረ፣ ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሠርቶ፣ ለአንድ ቀን አገሩን ሊያይ የመጣ ሰው። በኋላ ፍርድ ቤት የአገሩን ፌዴሬሽን እንዲክስ ፈረደበት።

እኛ ስደተኞች ከሌላው ደጋፊ ይልቅ የምንፈነዳ ይመስለኛል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈርድብን ሰው አናጣም። ፖሊሱ፣ የወረቀት ቢሮው፣ የቤት አከራዩ። ለማንም "አይሆንም" ማለት አንችልም። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ የሁሉም ድምር ሆኖ ይታየናል። ሰበብ እያበጀሁ አይደለም። ከቤት ስትወጡ ምን ይዛችሁ እንደምትወጡ እንድታውቁ ነው።

ለሁለተኛው ጨዋታ ዘመዴ አልፈቀደልኝም። ጄፒ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነው ያየሁት። ቡርኪና ፋሶ አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ የእነሱ በረኛ ከሳጥኑ ውጭ ኳስ በእጁ ነካና ቀይ ተሰጠው። ቤቱ ተናወጠ! "ዳኛ ማለት እንዲህ ነው!" አለ አንዱ፤ ያው በኔልስፕሪቱ ዳኛ ሲማረር የሰነበተው ሰውዬ። በረኛ ከሳጥን ወጥቶ አጠፋ፣ ቀይ ተሰጠው። ከአራት ቀን በፊት ያለቀስንበት ይኸው አይደል? ሰውዬውን አይቼ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እኔም አብሬ እንዳጨበጨብኩ ትዝ አለኝ። ቡርኪናዎች በ10 ሰው ሦስት ጎል ጨመሩብን። 4 ለ 0።

ሦስተኛው ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም ዕለት ሩስተንበርግ ላይ ነበር። ናይጄሪያ በሁለት ፍፁም ቅጣት ምት 2 ለ 0 አሸነፈን፤ ሁለቱንም ቪክቶር ሞሰስ ነው ያገባው። በሁለተኛው ላይ በረኛችን ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር የሜዳ ተጫዋች ጎል ውስጥ ቆመ። ቡና ቤቱ ውስጥ የተባለውን አልጽፈውም።

ዳኛ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። ይሳሳታል፤ አንዳንዴ በጣም። እዚያው ኔልስፕሪት ላይ፣ በዚያው ውድድር ግማሽ ፍፃሜ፣ ቡርኪና ፋሶና ጋና ሲጫወቱ ጆናታን ፒትሮይፓ ሳጥን ውስጥ ተጠልፎ ወደቀ። ዳኛው "አስመስለህ ነው የወደቅኸው" ብሎ ሁለተኛ ቢጫ አሳየውና አባረረው። የቡርኪና ሰዎች ቢናደዱ እውነት ነበራቸው። ቡድኑ ግን ጨዋታውን ጨረሰ፤ በመለያ ምት አሸነፈ። ከዚያ ዳኛው ራሱ በሪፖርቱ መሳሳቱን አመነ። ካፍ ካርዱን ሰረዘ፣ ዳኛውን አገደ። ፒትሮይፓ ፍፃሜውን ተጫወተ፤ የውድድሩ ኮከብም ተባለ። ያን ካርድ ያሰረዘው ወረቀት ነው።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ፖሎክዋኔ ላይ ደቡብ አፍሪካ ሴኔጋልን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ገጠመች። ኳሱ የሴኔጋሉን ተከላካይ ጉልበት ነው የመታው፤ ዳኛው "በእጅ ነክቷል" ብሎ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። የሎኬሽን ጎረቤቶቼ እንኳ እየሳቁ "ስጦታ ነው" ይሉ ነበር። ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 አሸነፈች። ጉዳዩ ተመረመረ፤ ዳኛው ውጤት በማጭበርበር ጥፋተኛ ሆኖ የዕድሜ ልክ እገዳ ተጣለበት፤ ጨዋታው ከዓመት በኋላ ተደገመ። ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸንፋ ዓለም ዋንጫ ገባች። ውጤት ሲቀየር ግን እንዲህ ያለውን ማየት ብርቅ ነው። በተለመደው ጊዜ ዳኛው በሜዳ ላይ ስለሆነው ነገር የወሰነው የመጨረሻ ነው። ካርድ ሊሰረዝ ይችላል፣ ዳኛ ሊቀጣ ይችላል፤ ጎል ግን አይመለስም። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ቅሬታም የሚያቀርበው ደጋፊ አይደለም። የቡድኑ ኃላፊዎች ናቸው፤ በጽሑፍ፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ። በአትሌቲክስ ለምሳሌ ውጤት ከተነገረ በኋላ ያለው ጊዜ 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ሯጮቻችን ሲገፉ ወይም መስመር ረገጡ ሲባሉ እኛ ቤት ውስጥ ስንሳደብ ያ ሰዓት ያልፋል። መሳደብ ካማራችሁ ቢያንስ የቡድን መሪው ወረቀት አስገባ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን እኔ ስታዲየም ስገባ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከቲፎዞው መሃል ትንሽ ዳር እቀመጣለሁ፤ ዳር ያለ ሰው የራሱን ድምፅ ይሰማል። መጠጥ አስቀድሜ አልጠጣም። ከጨዋታ በፊት ሁለት መውጫ በር አያለሁ። ይህን የጀመርኩት የሊማን ነገር ካነበብኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1964 ፔሩና አርጀንቲና ሲጫወቱ የፔሩ ጎል ተሻረ፣ ሰዎች ሜዳ ገቡ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሕዝቡ ወደ በሮቹ ሸሸ። በሮቹ ተዘግተው ነበር። 328 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ምንም አልወረወሩም።

ወረቀታችሁንም አስቡ። እኔ ያኔ በየጥቂት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ነበር የያዝኩት። በዚያ ቀን ፖሊስ ቢይዘኝ ኖሮ ለአንድ ፕላስቲክ ብዬ ከአገር ልባረር እችል ነበር። ካሜራ አለ። ያኔም ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ የሁሉም ሰው ስልክ ካሜራ ነው።

አጠገባችሁ ያለው ሰው ሊወረውር ሲል "ተው!" አትበሉት። አይሰራም። "ተው" ሲባል የባሰ ይነሳበታል፤ ሰው ፊት ነዋ። ከዚህ ይልቅ ዕቃውን ጠይቁት። "አምጣው እስቲ፣ እኔም ልንፋ" ብለህ እጅህን ዘርጋ። ሰው እጅ ሲዘረጋለት ሳያስብ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ በሄድኩባቸው ጨዋታዎች ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ሠርቷል። አንድ ጊዜ የተሞላ የውሃ ኮዳ ተቀብዬ መጠጣት ነበረብኝ። ውሃ አልነበረም።

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት አሁን የራሴ በሆነው ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ልጆቹ አዲስ መጤዎች ናቸው፤ ኔልስፕሪትን አያውቁም። በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባየህ አጥቂውን ጣለው። ዳኛው በቪዲዮ (በቫር) አይቶ ቀይ ሰጠው። እንደገና በመጀመሪያው አጋማሽ 10 ሆንን። ጋሼም ነበረ፤ አርጅቷል። አየኝ። አየሁት።

አንዱ ልጅ ከመቀመጫው ተነስቶ በእጁ ያለውን ሲኒ ወደ ቴሌቪዥኑ አነሳ። ቴሌቪዥኑ ገና ዕዳው አላለቀም።

"አምጣ፣ ሁለተኛውን ልቅዳልህ" አልኩት።

ሰጠኝ።